የኢተያው

ማታ ሦስት ሰዓት ነው። ከመናኸሪያው ፊት፣ ከፔንሲዮኑ በር፣
ያዳማ ነፋስ ፌስታል እያባረረ አስፋልት ሲያሻግር፣
አንድ ፈረንጅ ገባ፤ ጢሙ የዛገ ሽቦ፣
የሸንኮራ ጥላሸት ሸሚዙ ላይ ዘንቦ።

መዝገቡን ገለጥኩት፤ ሦስት ሳጥን አለው፣
ስም፣ አባት፣ አያት፤ ሳይሞላ ቁልፍ መስጠት ክልክል ነው።

«ስምዎ?»
«ኢዋን።»
«አባት?»
«አበርነቲ።»
«አያት?»
«አበርነቲ።»
ቀና ብዬ አየሁት። «ያያትዎስ አባት?»
«እርሱም አበርነቲ።»

«ምን ጉድ ነው ጋሼ! ስም ተወደደ እንዴ፣ ጠፋ ከነዘር ግንዱ?
አንድ ካፖርት ሰፍቶ ሰባት ትውልድ ሲለብስ አይነትብም ክንዱ?»

ሳቀ፤ ወንበር ሳበ። አማርኛው የልጅ ነው፣ ወንጂ ላይ የቀረ፣
አባቱ ያዋሽን ውኃ ሲለካ፣ እሱ ቦይ ለቦይ ሲሮጥ የተማረ።

«ሰው አይደለም» አለኝ፤ «አበርነቲ የሚሉት የመንደር ስም ነበር፣
ስኮትላንድ ውስጥ ያለች፤ ‹ነቲ› የወንዟ ስም፣ መጋጠሚያው ‹አበር›፣
በድሮ ቋንቋችን፣ ውኃ ከውኃ ሲደመር።»

«ይኼማ የኛ ነው» አልኩት፤ «ምኑን ተረጎሙት?
ሁለቱ አንድ ሲሆኑ ‹አበሩ› ነው የምንል፤ ሰምተው ነው የወሰዱት።»

እሱ ግን አልሳቀም። ጠረጴዛው ላይ በፈሰሰ ውኃ
በጣቱ መስመር ሣለ፣ አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ በርሃ።

«ስሙ የወጣው» አለ፣ «መንደሩ ውስጥ አይደለም፤
እዚያማ ሁሉም ያው ነው፣ በመንደሩ ስም የሚጠራ የለም።
አንድ ቀን አንዱ ወጣ፤ ዕዳ ይሁን ሚስት ያባረረው፣ እስከ ዛሬ አላወቅንም፤
በደረሰበት ሀገር፣ ማነህ ብለው ሳይጨርሱ፣ ‹ያበርነቲው› አሉት፣
ሲሞት ርስት አልነበረውም፤ ልጆቹ ይህንኑ ወረሱት።»

«አይተዋት ያውቃሉ?»

«አንድ ጊዜ፣ ካውቶቡስ መስኮት። ይዘንብ ነበረ።
ሰሌዳ ላይ ስሜ ተጽፏል። ማንም ግን አልጠራኝ፤ አውቶቡሱም አልቆመ፣ በረረ።»

አባቴን አሰብኩት፤ ዲንሳ ባለጋሪ፣
ባንዲት ዳማ ፈረስ፣ ከኢተያ ወርዶ አዳማ ላይ ኗሪ።
ስሚንቶ አስጫኙም፣ ሽንኩርት ቸርቻሪ፣
«የኢተያው!» ነው የሚለው፤ ዲንሳ ብሎ ጠሪ
እናቴ ብቻ ነበረች፣ እሷም ስትቆጣ።
እኔም «የኢተያው ልጅ» ሆኜ አደግኩ፣ ኢተያን ሳላያት፣ ሳልወጣ።

በኋላ ለለቅሶ ይዞኝ ሄደ። ገና ካጥሩ ማዶ አክስቱ ብቅ ስትል፣
«ያዳማው መጣ!» አለች፤ ጎረቤቱ ተቀባብሎ «ያዳማው፣ ያዳማው» ሲል፣
አባቴ ጋቢውን ሳበ፣ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል።

ከተማዋስ ብትሆን! ስሟን ቀያይራ፣
በናዝሬትነቷ ዘመን የወጣ ልጅ፣ ጅማ ላይ እስከ ዛሬ «ናዝሬት» ነው ሲጠራ።
ቢመለስ አያገኛት፤ ሰሌዳው ተነቅሏል፤ እሱ ብቻ ይዟት ቀረ፣
እንደ ፈረሰ ቤት ቁልፍ፣ ኪሱ ውስጥ እያቃጨለ የዞረ።

«ያንቺስ የቦታ ስም?» አለኝ።
«እኔ የትም አልሄድኩ» አልኩት፤ «ስም የለኝም ገና።»
ሰባት ቁጥርን ሰጠሁት። ደረጃው ጨለማ ነውና
እስኪወጣ ድረስ ስልኬን አበራሁለት።

ተመልሼ መዝገቡን ሳብኩ። አያት የሚለው ሳጥን ባዶውን ነበረ፤
«ወንዝ» ብዬ ጻፍኩበት። ተቆጣጣሪው ከጠየቀኝ፣ ሁለት ውኃ አበረ።

ሊነጋጋ ሲል፣ ከመናኸሪያው የወያላ ድምፅ መጣ፣ ጉሮሮው የሻከረ፦
«ኢተያ! ኢተያ! አሰላ!
አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረ!»